ዳን ሳይ፦ የተሰደደው ልዑል በየዓመቱ የሚመለስባት ከተማ

(በማኅበራችን ክብረ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ታይላንድ ጉዟችን እንድንናገር ሲጠይቀን መጀመሪያ የመለስነው «እኛ ምን ዐውቀን!» የሚል ነበር። ኮሚቴው ግን «ለተሳፋሪ ሁሉ ስታወሩት የከረማችሁትን ለእኛስ ብታወሩት ምን አለበት?» ብሎ መልስ አሳጣን። ስለዚህ ሦስታችን ተቀምጠን የተስማማንበትን ብቻ በወረቀት አስፍረናል። አንዳችን ያነባል፤ ሁለቱ ስሕተት ሲሰሙ ያስላሉ ተባብለናል።

ሦስታችንን አብዛኞቻችሁ ታውቁናላችሁ። አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ስንጠብቅ የምንውል ባለታክሲዎች ነን። እርስ በርስ የምንጠራራው ባልጨረስነው ትምህርት ነው፤ አንዱ መሐንዲሱ፣ አንዱ ኬሚስቱ፣ ሦስተኛው ታሪክ ተማሪው ይባላል። በ1993 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ያኔ የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥተን በሞያሌ በኩል ኬንያ ገባን። ከዚያ በኋላ ሁላችንም በየፊናችን ዞረን ዞረን እዚህ ስቶክሆልም ተገናኘን። የታክሲ ወረፋ ባይኖር ኖሮ ሰው ያቋረጠውን ትምህርት መቼ ያነብ ነበር እያልን እንቀልዳለን።

ከወረፋ ጓደኞቻችን መካከል ጡረታው የደረሰ አንድ ስዊድናዊ አለ። ባለቤቱ ታይላንዳዊት ናት። እኛ «ፒ» ብለን እንጠራታለን፤ በአገሯ ታላቅን የሚጠሩበት ቃል ነው፤ «እትዬ» እንደምንለው ማለት ነው። አልፎ አልፎ ቤቷ ጠርታ ታበላን ነበርና አንድ ቀን «ሰኔ ላይ ከእኛ ጋር ኑ፤ የመናፍስቱን በዓል ታያላችሁ» አለችን። እኛም ተከታትሎ የደረሰንን ዕቁብ ይዘን ለመሄድ ቆረጥን።

እዚህ ላይ የሚያሳፍረንን ሳንደብቅ እንናገር። በዚያ ገንዘብ አገራችን ደርሶ መምጣት ይቻል ነበር። ከወጣን ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖን ሳለ የሰው አገር ልናይ ተነሣን። መሐንዲሱ «እዚያ ማን ይጠብቀኛል?» ይል ነበር። አባቱ በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ወረቀቱ ስላልተሟላለት አልቀበራቸውም። እዚሁ በማኅበራችን አዳራሽ ተቀምጠን ነው ያስተዛዘንነው። ሁለታችን ደግሞ ሌላ ሌላ ሰበብ ነበረን። ሰበብ መቼ ይጠፋል!

ጊዜው ሰኔ 2015 ዓ.ም. ነበር። በስዊድን 2023 መሆኑ ነው። ባንኮክ ስንደርስ ደግሞ 2566 ሆኖ ጠበቀን፤ እነሱ ዘመናቸውን የሚቆጥሩት ቡድሃ ካረፈበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ኬሚስቱ በጣቱ አስልቶ «እኛ ከነዚህ ሰዎች በአምስት መቶ ሃምሳ አንድ ዓመት እናንሳለን» አለ። ዕድሜያችን አርባን ካለፈ ወዲህ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ሒሳብ ሰምተን አናውቅም። ከእንግዲህ የምንጠቅሳቸው የታሪክ ዓመቶች ካላሳሰብን በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከባንኮክ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሌሊት አውቶቡስ ሄድን። ታይላንድ ውስጥ መኪና የሚነዳው በግራ ነው። ሦስት ሾፌሮች ተሳፋሪ ሆነው፣ በዚያ ላይ በተቃራኒ መንገድ ሲነዱ ምን ዓይነት ሌሊት እንደሚያድሩ መገመት ይቻላል። እግራችን የሌለ ፍሬን ሲረግጥ አደረ። ሲነጋ ሎይ ከተማ ደረስን። ሎይ በኢሳን አካባቢ ጫፍ ላይ ያለች፣ ከላኦስ የምትዋሰን ተራራማ ክፍለ ሀገር ናት። በታይላንዳውያን ዘንድ በብርዷ የታወቀች ስለሆነች ሰዎች ብርድ ልብስ ደርበው ጉም ለማየት ወደ ተራሮቿ ይወጣሉ። ከስዊድን ለሄደ ሰው ይህ ብዙም የሚያስደንቅ አይደለም። በስዊድን ሰሜን ጫካ በየበጋው ፍሬ ሲለቅሙ የምናያቸው ታይላንዳውያን አብዛኞቹ የዚሁ የኢሳን ገበሬዎች ናቸው። እኛ ሥራ ፍለጋ ወደመጣንበት አገር እነሱም ይመጣሉ፤ ልዩነቱ በልግ ሲገባ ተመልሰው መሄዳቸው ነው።

ከሎይ እስከ ዳን ሳይ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሄድንበት መኪና ከኋላው ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት የተገጠመለት ፒክአፕ ነበር። የአዲስ አበባ ልጆች ሆይ፣ ውይይት ነው! ቀለሙ ብቻ ነው የተለየው። አሮጊቶች ቅርጫታቸውን ጉልበታችን ላይ አስቀምጠው ከየት እንደመጣን ጠየቁን፤ እኛ በአማርኛ መለስን፤ እነሱ በቋንቋቸው ቀጠሉ። ቁልቁለቱ ላይ በቆሎ ተዘርቷል፤ ዝናቡ ገና እየጀመረ ነው፤ መሬቱ ቀይ ነው። መሐንዲሱ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ዝም አለ።

ዳን ሳይ ስንገባ መጀመሪያ የተወሰድነው ወደ አንድ ነጭ ሐውልት ነው። ፕራ ታት ሲ ሶንግ ራክ ይባላል። ፕራ ታት የሚሉት ቅዱስ ነገር ያረፈበትን ሾጣጣ ሐውልት ሲሆን፣ የቀረው ስሙ «የሁለት ወገን ፍቅር» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የበርማው ንጉሥ ባዪናውንግ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ያስገብር ጀመር። በዚህ ጊዜ የአዩታያው ንጉሥ ማሃ ቻክራፓትና ዛሬ ላኦስ የምንለው የላን ሳንግ ንጉሥ ሴታቲራት ተማከሩ። ላይዋጉ፣ ድንበር ላይጋፉ፣ ቢጠቁ ሊረዳዱ ተማማሉ። መሐላው በአፍ እንዳይቀር ግዛቶቻቸው በሚገናኙበት ስፍራ ከ1560 እስከ 1563 ድረስ ይህን ሐውልት አሠሩ።

ታሪክ ተማሪው (ማን እንደሆነ ከድምፁ ታውቁታላችሁ) ወዲያውኑ «ታዲያ መሐላው አዳናቸው?» ብሎ ጠየቀ። አላዳናቸውም። አዩታያ በ1569 በበርማ እጅ ወደቀች፤ ላን ሳንግም ተራዋ ደረሰ። የሁለቱም ነገሥታት መንግሥት ዛሬ የለም። የዳን ሳይ ሰዎች ግን በስድስተኛው ወር ጨረቃ ስትሞላ እስከ ዛሬ ድረስ ከሰም የተሠራ ዛፍ መሳይ ነገር ተሸክመው ወደ ሐውልቱ ይወጣሉ። ነገሥታቱ የረሱትን መሐላ የሚጠብቀው ገበሬው ነው።

የዚህ ሐውልት አንድ ሕግ አለው፤ ቀይ ለብሶ መግባት አይቻልም። ቀይ አበባ እንኳ አይቀርብለትም። ቀይ ደም ነው፣ ሐውልቱ ደግሞ ደም እንዳይፈስ የቆመ ነውና። ይህን እኛ አላወቅንም። ኬሚስቱ በሄደበት ሁሉ የማይለየው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሻርፕ በአንገቱ ላይ ነበር። በር ላይ የተቀመጡ አንዲት ሴት ተነሥተው እጃቸውን በአክብሮት አጋጥመው ሻርፑን አሳዩት። እሱም በፒ በኩል «ይህ እኮ የአገሬ ባንዲራ ነው» አላቸው። ሴትዮዋ «ባንዲራ ከሆነ ቀዩ ምን ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁት። ሦስታችንም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሰልፍ ቆመን የተማርነው ትዝ አለን። ቀዩ የጀግኖች ደም ነው። ኬሚስቱ ምንም አልመለሰም። ሻርፑን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ ጫማችንን አወለቅንና ገባን።

ጫማ ማውለቁማ ለእኛ አዲስ አይደለም።

የሐውልቱ አካባቢ ከዚያም በኋላ ብዙ አይቷል። ሲያም፣ የዛሬዋ ታይላንድ፣ እንደ አገራችን በቅኝ ግዛት ካልተያዙት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት፤ ነገር ግን እኛ አድዋ ላይ ጣሊያንን ባሸነፍንበት ዘመን እነሱ መሬት እየቆረሱ በመስጠት ነበር ራሳቸውን ያተረፉት። በ1893 ከሜኮንግ ወንዝ በስተ ግራ ያለው አገር ለፈረንሳይ ተሰጠ። ዳን ሳይ ራሷም ለጥቂት ዓመታት በፈረንሳይ እጅ ቆየች። በመጋቢት 1907 በተፈረመው ውል ሲያም ባታምባንግን፣ ሲየም ሪያፕንና ሲሶፖንን ለቃ ዳን ሳይንና ትራትን መልሳ ተቀበለች። የአንግኮር ፍርስራሽ ያለበትን አገር ሰጥቶ ይህችን ትንሽ ሸለቆ መቀበል ያዋጣል ወይ ብላችሁ የዳን ሳይን ሰው ብትጠይቁ መልሱን አታጡትም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በዚያው በ1907ቱ ውል ድንበሩ የሁዋንግን ወንዝ ይከተላል ተብሎ ነበር። የትኛውን የወንዙን ገባር? በዚህ ጥያቄ ሰበብ ታይላንድና ላኦስ ከታኅሣሥ 1987 እስከ የካቲት 1988 ድረስ ከዳን ሳይ ብዙም በማይርቀው ባን ሮም ክላው በሚባል ተራራማ መንደር ተዋጉ። ከሁለቱም ወገን ብዙ መቶ ወታደሮች ሞቱ። የፒ ታላቅ ወንድም በዚያ ጦርነት ጊዜ ለወታደር ውኃ ያመላልስ እንደነበር ነግሮናል። ከተራራው ወዲያ ያሉት ደግሞ ቋንቋቸው አንድ፣ ምግባቸው አንድ፣ በዓላቸው አንድ ነው። የሁለት ወገን ፍቅር የተባለው ሐውልት ሁሉን እያየ ቆሞ ነበር።

እኛ ይህን ስንሰማ እርስ በርስ ተያየን። በ1990 ዓ.ም. ግንቦት እኛ ለመልቀቂያ ፈተና ስናጠና እኩዮቻችን ወደ ባድመ ይጫኑ ነበር። እዚያም ክርክሩ ስለ ወንዝና በቅኝ ግዛት ዘመን ስለተፈረመ ውል ነበር። ከሰፈራችን የሄዱትን ስም መቁጠር ጀምረን ተውነው። የፒ ወንድም ምን እንደተባባልን ባይገባውም ሲጋራ አውጥቶ አደለን፤ ከመካከላችን የሚያጨስ ባይኖርም ተቀበልነው።

አሁን ወደ በዓሉ እንምጣ፤ ልጆቹ ይህን ሲጠብቁ ደክሟቸዋል።

በዓሉ ቡን ሉዋንግ ይባላል፤ ሦስት ቀን ነው፤ ዋናው ዝነኛው ክፍሉ ፒ ታ ኮን የተባለው የመናፍስት ጭምብል ሰልፍ ነው። የሚከበርበት ቀን በየዓመቱ ይለያያል። ቀኑን የሚያስታውቀው ቻው ፖ ኩዋን የሚባለው፣ ነጭ ለባሽ፣ ጸጉሩን አሳድጎ በሻሽ የሚያስር፣ የከተማዋ ጠባቂ መናፍስት ያድሩበታል የሚባል ሰው ነው። በእኛ አገር ቃል ባለ ውቃቢ ልንለው እንችላለን። እናቶቻችን ሆይ፣ አታማትቡብን፤ እኛ ያየነውን ነው የምንናገረው። በአገሬው ዘንድ ከመነኮሳቱ ጋር ምንም ጠብ የለውም፤ እሱ በፊት፣ መነኮሳቱ በኋላ ሆነው በዓሉን አብረው ያስኬዱታል።

በመጀመሪያው ቀን ሊነጋጋ ሲል ቀስቅሰው ወደ ወንዝ ወሰዱን። መሐንዲሱ እንቅልፉን ሳይጨርስ «የዚህ ወንዝ ስም ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ፒ «ማን ነው» አለችው። «እኮ፣ ማን ነው?» አላት። «አዎ፣ ማን ነው» አለችው። ወንዙ በእርግጥም ማን ይባላል። ይህን ነገር ለማስረዳት እስኪነጋ ድረስ ጊዜ ወሰደብን።

ከዚያ ወንዝ የሚጠሩት ኡፓኩት የተባለውን ቅዱስ ነው። ኡፓኩት ከውኃ በታች በተመስጦ ይኖራል፤ በበዓል ጊዜ ተጠርቶ ሲመጣ ክፉውን ያርቃል ተብሎ ይታመናል። አንድ ሰው ውኃው ውስጥ ገብቶ ጠለቀና ድንጋይ አወጣ፤ «ይህ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ሕዝቡ «አይደለም!» አለ። ሁለተኛም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ነጭ ድንጋይ ይዞ ሲወጣ «ነው!» ብለው እልል አሉ። ድንጋዩን በክብር ተሸክመው ዋት ፖን ቻይ ወደተባለው ገዳም ወሰዱት። ዋት ማለት የቡድሃ መነኮሳት የሚኖሩበት ገዳም ነው። እዚያም ሦስት ጊዜ ዞሩ። ታቦት ሲወጣ ያደግን ሰዎች ሦስት ጊዜ መዞሩን ስናይ እግራችን ሳያስፈቅደን ተከተለ።

ሰልፉ በሁለተኛው ቀን ነው። ታሪኩን ካልነገርናችሁ ግን ጭምብሉ ትርጉም አይሰጥም። ቡድሃ ቡድሃ ሆኖ ከመወለዱ በፊት በነበረው ሕይወቱ ቬሳንታራ የሚባል ልዑል ነበረ ይላሉ። የተለመነውን ሁሉ ይሰጣል። አንድ ቀን የጎረቤት አገር ሰዎች ድርቅ ገብቶባቸው ዝናብ የሚያመጣውን የመንግሥቱን ነጭ ዝሆን ቢለምኑት ሰጣቸው። ሕዝቡ ተቆጥቶ በአባቱ በንጉሡ ላይ ተነሣ፤ ልዑሉ ከሚስቱ ከማድሪና ከሁለት ልጆቹ ጋር ወደ ጫካ ተሰደደ። ከብዙ መከራ በኋላ አባቱም ሕዝቡም ተጸጽተው ሊያመጡት ወደ ጫካው ሄዱ። ሲመለስ ሰልፉ ከመድመቁ የተነሣ ከእሱ ጋር በጫካ የኖሩት መናፍስት እንኳ መለየት አቅቷቸው ከሰዉ ጋር ተቀላቅለው ከተማ ድረስ ሸኙት። ፒ ታ ኮን የሚለው ስም «ሰውን የተከተሉ መናፍስት» ከሚለው የመጣ ነው ይላሉ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ጭምብል የለበሰ ወጣት መንፈስ ነው፤ ስደተኛውን ወደ ቤቱ የሚያደርስ መንፈስ። ጭምብሉ የሚሠራው ከማድ ቤት ዕቃ ነው። በእንፋሎት ሩዝ የሚያበስሉበት የሾለ የቀርከሃ ቅርጫት ይገለበጥና ቆቡ ይሆናል፤ የደረቀ የኮኮናት ዝንጣፊ ግርጌ ደግሞ ፊቱ ይሆናል። ከእንጨት የተጠረበ ረጅም አፍንጫ ይተከልበታል፤ ከዚያ በቀለም ያጌጣል። ዱሮ በኖራና በጥላሸት ነበር፤ ዛሬ ቀለሙን ከሱቅ ይገዛሉ። ልብሱ ከአሮጌ አጎበርና ከቡትቶ የተሰፋ ነው። ወገባቸው ላይ የከብት ቃጭል ያስራሉ፤ ሲዘሉ ከተማው በሙሉ የከብት በረት የተለቀቀበት ይመስላል። በእጃቸው የእንጨት ሰይፍ ይይዛሉ። የሰይፉ እጀታ የሚቀረጽበትን መልክ ልጆች በተሰበሰቡበት አዳራሽ አንዘረዝርም፤ ምድር እንድታፈራና ዝናብ እንዲዘንብ ነው ማለት ይበቃል። መሐንዲሱን አንዱ መንፈስ በዚያው ሰይፍ ሲያባርረው የተነሣው ፎቶግራፍ አለ፤ እሱን በግል ጠይቁን።

በሰልፉ መካከል ከቀርከሃ የተሠሩ ትልልቅ ርችቶችን ተሸክመው ያልፋሉ። ቻው ፖ ኩዋን ርችቱ ላይ ተቀምጦ ሳንቲም ይበትናል። ሕፃናትና አሮጊቶች ለቀማ ላይ ተጋፉ፤ ኬሚስቱም ከእነሱ ጋር ነበር፤ ሁለት ሳንቲም አግኝቷል። ማምሻውን ርችቶቹ ወደ ሰማይ ይተኮሳሉ፤ ሰማዩ ዝናብ እንዲያስብ ማሳሰቢያ ነው። ዘንቧልም።

ቱሪስቱ በዚህ ቀን ማታ ዕቃውን ሸክፎ ይሄዳል። ፒ ግን «በዓሉ ነገ ነው» አለችን፤ እውነቷን ነበር። በሦስተኛው ቀን ጭምብል የለም፣ ጩኸት የለም። መንደሩ ሁሉ ገዳሙ ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ይቀመጣል፤ መነኮሳቱ እየተቀያየሩ የቬሳንታራን ታሪክ አሥራ ሦስቱን ክፍል በአንድ ቀን ያነባሉ። ያለማቋረጥ የሰማ ትልቅ በረከት ያገኛል። ሽማግሌው ስዊድናዊ ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ እንቅልፍ ወስዶታል፤ እንደ ሰማ ይቆጠርለት አይቆጠርለት አልጠየቅንም።

በመካከሉ በድምፅ ማጉያ የስም ዝርዝር ይነበባል። ይህ ለገዳሙ ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ስም ነው፤ አብዛኞቹ እዚያ የሉም። እገሌ ከባንኮክ፣ እገሊት ከኮርያ፣ እገሌ ከእስራኤል፣ ይህን ያህል ባት። ስሙ በተጠራ ቁጥር ከሕዝቡ መካከል አንዲት እናት ወይም አንድ አባት ቀና ይላሉ። የፒ ስም ከስዊድን ተብሎ ሲነበብ እናቷ ዙሪያቸውን አዩ፤ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ሳለ! ለስንት ዓመት ስሟን ብቻ ሲሰሙ ስለኖሩ ልማድ ሆኖባቸው ነው። እኛም በየወሩ ስለምንልከው ገንዘብ አሰብን። የእኛ ስም በማጉያ አይነበብም፤ ነገር ግን ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ስማችን ሲጠራ ቀና የሚሉ እናቶች አሉን።

ልዑሉ ልጆቹን ለአንድ ክፉ ሽማግሌ የሚሰጥበት ክፍል ሲነበብ ሴቶቹ አለቀሱ። እኛ ማታ በዚህ ነገር ተጣላን። ታሪክ ተማሪው «ዝሆኑን ይስጥ፤ ልጆችን መስጠት ግን ምን የሚሉት ጽድቅ ነው?» አለ። ኬሚስቱ «ምሳሌ ነው እንጂ» ብሎ ሊያስታርቅ ሞከረ። መሐንዲሱ ግን «እኛን ወላጆቻችን ምን አደረጉን? በሌሊት ስንቅ ቋጥረው ከቤት ያወጡን እኮ እነሱ ናቸው። አባቴ እስከ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክሞ ሸኝቶኛል» አለ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም።

ከመሄዳችን በፊት የፒ እናት፣ እኛ እማማ ያይ የምንላቸው፣ ለብቻችን አንድ ሥርዐት አዘጋጁልን። በሙዝ ቅጠልና በአበባ የተሠራ ትንሽ ማማ መካከል ላይ ተቀመጠ፤ ዙሪያውን ነጭ ክር ተንጠልጥሏል። በኢሳን ሰዎች እምነት ሰው ሠላሳ ሁለት ኩዋን የሚሏቸው የሕይወት መናፍስት አሉት። ሰው ሲደነግጥ፣ ሲታመም ወይም ሩቅ አገር ሲሄድ ከእነሱ አንዳንዱ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በስም እየተጠራ ተመለስ ይባላል፤ ሲመለስ እንዳይወጣ አንጓው ላይ በክር ይታሰራል።

ኬሚስቱ ተቸገረ። ለፒ በጆሮዋ «እኔ ማተብ አለኝ፤ በሌላ ክር አልታሰርም፤ ግን እንዳይቀየሙኝ» አላት። ስትነግራቸው እማማ ያይ ጠጋ ብለው አንገቱን አዩና ሣቁ። «ይኼኛውማ እናቱ አስቀድማ አስራዋለች» ብለው ክሩን ተዉና ራሱን ዳበሱት።

መሐንዲሱ ተራው ሲደርስ ከየት አገር እንደሆነና ከወጣ ስንት ዓመት እንደሆነው ጠየቁት። ሃያ ሁለት አላቸው። እጁን እንደያዙ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ክሩን እያሰሩ መጥራት ጀመሩ። ንግግራቸው ላኦኛ የሚመስል ነው፤ ፒ ወደ ስዊድንኛ ትመልሳለች፤ እኛ በልባችን ወደ አማርኛ እንመልሳለን። በጫካ ያለህ ና፤ በወንዝ ያለህ ና፤ በአባትህ ቤት ደጃፍ የቀረህ ና። መሐንዲሱ በአባቱ መርዶ ዕለት በዚህ አዳራሽ ሲያለቅስ አይተነዋል፤ እንደዚያን ቀን ግን አላለቀሰም። እማማ ያይ በጣታቸው ሩዝ ድብልብል አድርገው አጎረሱት። ጉርሻ የእኛ ብቻ ነው እያልን ስንኮራ የኖርን ሰዎች፣ ዝም ብለን ተራችንን ጠበቅን።

መሐንዲሱ በ2016 ዓ.ም. ጥር አዲስ አበባ ሄዶ ተመልሷል። ስለዚያ ጉዞ እሱ ራሱ ይንገራችሁ፤ አሁን እያሳለ ስለሆነ እናልፈዋለን።

ለመሄድ ለምታስቡ አንድ ሁለት ነገር እንንገራችሁ። የበዓሉ ቀን ሳይታወቅ ትኬት አትቁረጡ፤ በሰኔ ወይም በሐምሌ መሆኑ እንጂ ቀኑ አስቀድሞ አይያዝም። ሐውልቱ ጋ ስትሄዱ ቀይ ልብስ ቤት ተዉ። ኮረብታው ላይ ኔራሚት ዊፓሳና የሚባል ከቀይ ድንጋይ የተሠራ ትልቅ ገዳም አለ፤ ድንጋዩ ቀይ መሆኑ እንዴት እንደተፈቀደ ጠይቀን የሚያጠግብ መልስ አላገኘንም። የፓፓያ ሰላጣ ሲያቀርቡላችሁ ሙቀጫ ውስጥ የሚጨመረውን ቃሪያ ብዛት ቆማችሁ ቁጠሩ፤ የእኛ ሚጥሚጣ የለመደ ምላስ አይመካ።

ይዘነው የመጣነው ጭምብል በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ዱሮ በዓሉ ሲያልቅ ጭምብሉን ከነክፉ ዕድሉ ወንዝ ውስጥ ይጥሉት ነበር። ይህ ግን ለእኛ በስጦታ የተሠራ እንጂ በሰልፍ የተለበሰ ስላልሆነ የያዘው ክፉ ነገር እንደሌለ ፒ አረጋግጣልናለች። ልጆች ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ቃጭሉ ግን ከባድ ነውና እግራቸው ላይ እንዳይጥሉት ወላጆች ተቆጣጠሩ።